የእጅ ሥራ ለመሐንዲስ ምን ያስተምረዋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት ቀን በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም በጠቅላላው መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን ጊዜያችሁን እንዳናባክን አንድ ጠበብ ያለ ጥያቄ መርጠናል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ነገ መሐንዲስ ሆኖ ድልድይ ወይም የእርሻ መሣሪያ ወይም መኪና የሚነድፍ ተማሪ፣ ዛሬ መጋዝና ሞረድ ይዞ በገዛ እጁ መሥራቱ ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ጥያቄ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከመካከላችን «ወደፊት ምን ለመሆን ታስባለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «መሐንዲስ» ብሎ የሚመልሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ይኸው ተማሪ ጓደኛው መላጊያ ይዞ ሳንቃ ሲልግ ቢያይ «ይህ ትምህርት ያልሆነለት ሰው ሥራ ነው» ለማለት አይመለስም። መሐንዲስነትን የሚወድ፣ መሐንዲስነት የሚበቅልበትን ሥራ የሚንቅ ከሆነ፣ ፍሬውን እየተመኘ ሥሩን እንደሚቆርጥ ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብንመረምረው ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ መንደፍ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። መንደፍ ማለት ገና ያልተሠራውን ነገር አስቀድሞ በሐሳብ ሠርቶ ማየት ነው። መሐንዲሱ ሐሳቡን በወረቀት ላይ በመስመርና በቁጥር ያሰፍረዋል፤ ሌላው ሰው ያንን እያየ ይሠራል። ወረቀት የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። እንጨትና ብረት ግን የሚቀበሉትም የማይቀበሉትም አላቸው። የንድፍ ሠሪ ትልቁ ዕውቀት እንግዲህ ቁሱ የማይቀበለውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ነው። ይህንንም ዕውቀት ከመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም።

አንድ ቀላል ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን ሳንቃ እኩል አምስት ቦታ ቁረጡ ቢባል፣ በሒሳብ ደብተር ላይ 100 ሳንቲ ሜትር ለ5 ሲካፈል 20 ነው፤ ጥያቄው በዚሁ ያልቃል። በሥራ ጠረጴዛ ላይ ግን መጋዙ ራሱ የሚበላው ድርሻ አለው። የመጋዙ ጥርስ በየቆረጣው 3 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ በአራቱ ቆረጣ 12 ሚሊ ሜትር ሰጋቱራ ሆኖ መሬት ላይ ይወድቃል። አራቱን ቁራጮች በትክክል 20 ሳንቲ ሜትር አድርገን ብንቆርጥ የአምስተኛው ርዝመት 18 ሳንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቀራል። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ መጋዙን አላሰበውም እንጂ። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ተማሪ፣ ኋላ በሚነድፈው ነገር ሁሉ «መሣሪያው የሚወስደው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይረሳም።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከባሕር ዛፍ እንውሰድ። በአገራችን በጋይንት ቤት የሚሠራበትም ወንበር የሚገጠምበትም እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ እንጨት እርጥብ ሳለ ተቆርጦ ቢገጠም ለጊዜው ያማረ ይመስላል። ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ጠብቆ የነበረው መጋጠሚያም ይላላል። እንጨት በርዝመቱ የሚኮማተረው ጥቂት ሲሆን በጎኑ የሚኮማተረው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ጎበዝ አናጢ እንጨቱን አስቀድሞ በጥላ ያደርቀዋል፤ የእንጨቱንም መስመር አይቶ ያጋጥመዋል። በወረቀት ላይ የተሳለ ወንበር አይደርቅም፤ አይላላምም። የጊዜን ሥራ የሚያሳየው የተሠራው ወንበር ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ በየቤታችን የምንቀመጥበት በርጩማ ነው። በርጩማ ስለ ምን ሦስት እግር ብቻ አለው? የጂኦሜትሪ ትምህርት፣ በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ይወስናሉ ይለናል። ይህን ቃል ለፈተና ሸምድደነው ነበር። አራት እግር ያለውን ወንበርና ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ወጣ ገባ ባለው መሬት ላይ አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ግን፣ ወንበሩ ሲንገዳገድ በርጩማው ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ጂኦሜትሪ ያን ጊዜ ሕይወት አገኘ። የአገራችን ጠራቢ የጠለልን ስም ሳይሰማ በእጁ ያወቀውን፣ እኛ ስሙን ይዘን ነገሩን ሳናውቀው ኖረናል።

እነዚህ ምሳሌዎች ትንንሽ ናቸው። ነገር ግን ትልቁም ሥራ ሕጉ ያው መሆኑን ለማሳየት ከራሳችን አገር ታሪክ አንድ ነገር እንጥቀስ። ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ነገሩ የተጀመረው ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው፤ መንገዱም ያለፈው በዚሁ በጋይንት ምድር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸው ከጥበብ ሥራ ወደ ኋላ መቅረቷ ያሳስባቸው ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ከአውሮጳ ባለ ሙያዎች እንዲመጡላቸውም አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። በጋፋትም ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሌሎችም በሚስዮናዊነት የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ለኢትዮጵያውያን ልጆችም ሙያ ይማሩበት ነበር። ንጉሡ እነዚህን ሰዎች መድፍ እንዲያፈሱላቸው አዘዟቸው። እነርሱ ግን በሌላ ሙያ እንጂ በመድፍ ማፍሰስ የሠለጠኑ አልነበሩም።

እዚህ ላይ ጓደኞቻችን እንዲያስተውሉ የምንለምነው ነገር አለ። የጋፋት ሠራተኞች ወደ ትልቁ ሥራ የደረሱት በአንድ ጊዜ አይደለም፤ መጀመሪያ ትንንሹን አፈሰሱ፤ የከሸፈም ሙከራ ነበረ፤ ቀጥለው ተለቅ ተለቅ ያለውን ሞከሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን ወይም 70 ኩንታል የሚደርሰውን ታላቅ የነሐስ መድፍ አወጡ።

ትንሹን ማፍሰስ ትልቁን ለማፍሰስ ለምን አይበቃም? አንድ ዕቃ ቅርጹ ሳይለወጥ በቁመትም በጎንም በእጥፍ ቢያድግ፣ የገላው ስፋት አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ስምንት እጥፍ ብረት ማቅለጥ ያስፈልጋል፤ ያም ሁሉ ሳይቀዘቅዝ ባንድነት መፍሰስ አለበት። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ነሐስ ከዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። ቢሆንም እሳቱን ለብዙ ሰዓት የሚችል የምድጃ ጡብ ያሻዋል። በሸክላው ቅርጽ ውስጥ ጥቂት እርጥበት እንኳ ቢቀር፣ የቀለጠው ብረት ሲነካው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ሥራውን ያበላሸዋል፤ ሠራተኛውንም ያቃጥለዋል። እንግዲህ ምድጃውና ጡቡ፣ ቅርጹና ማድረቂያው ሁሉ የንድፉ ክፍሎች ናቸው። መድፉን ብቻ የሳለ ሰው መድፉን ገና አልነደፈውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትምህርት ደግሞ ለእኛ ለጋይንት ልጆች ይበልጥ የቀረበ ነው። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ያ 70 ኩንታል የሚመዝን ነሐስ በሠረገላ ላይ ሆኖ በሰው ጉልበት ይጎተት ነበር። በጋይንት ደጋ አልፎ በጨጨሆ ገደል ወርዶ፣ እንደ ገና ወጥቶ፣ በዋድላ ተሻግሮ፣ የጂዳን ሸለቆ ወርዶ፣ በደላንታ በኩል በሽሎን መሻገር ነበረበት። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ ነበር የሚሄደው። ንጉሡ ራሳቸው በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይሠሩ እንደ ነበረ በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው፤ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ ማለት ነው። የጨጨሆን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስረጂ አያስፈልገውም።

በዚያው ዓመት ከባሕር በኩል በመጣው የእንግሊዝ ጦር ዘንድ ደግሞ፣ ለዚሁ ዘመቻ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ የተራራ መድፎች ነበሩ። የአንዱ አፈ ሙዝ ክብደት 68 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ መድፉ ተፈታትቶ በበቅሎ የሚጫን ነበር። ስለ ጦርነቱ ፍርድ ለመስጠት እዚህ አልቆምንም፤ የምንናገረው ስለ ንድፍ ነው። የትንሿ መድፍ ሠሪ አስቀድሞ የጠየቀው ስለ በቅሎዪቱ ጀርባ ነበር። ሴባስቶፖል ግን በመጀመሪያ ተሠራ፤ መንገዱ ከኋላው ተፈለገለት። ማንኛውም ንድፍ «ይህን ነገር ማን፣ በምን፣ በየት በኩል ይወስደዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል። ይህም ጥያቄ በሰው አእምሮ ጠልቆ የሚቀረው፣ የሠሩትን ነገር ራሳቸው ተሸክመው ሲያዩት ነው።

ይሁን እንጂ የጋፋትን ሥራ ማቃለል አይገባም። የመድፍ ሙያ የሌላቸው ሰዎች በዘመናዊ ፋብሪካ ሳይረዱ፣ በእጅና በትዕግሥት እዚያ መድረሳቸው የሚደነቅ ነው። ከጨጨሆ እስከ በሽሎ መንገድ የጠረገው የአገራችን ሕዝብ ድካምም የምሕንድስና ታሪካችን ክፍል ነው። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ይገኛል፤ በአምሳያው የተሠራው ሐውልትም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የውጭ አገር ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋትም ምድጃ ቀዘቀዘ። መድፉ ቀረ፤ ሙያው ግን አልቀጠለም። ሙያ የሚቀጥለው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። ስለዚህ አንድ የሥራ ክፍል ዋጋው በሚያወጣው ዕቃ ብቻ አይመዘንም፤ ያንን ዕቃ መሥራትና መጠገን የሚችሉ ስንት ተማሪዎች አፈራ ተብሎ ነው።

ይህን ከተናገርን ዘንድ ወደ ሰላማዊው መሣሪያ፣ ወደ ማረሻችን እንመለስ። ከእኛ ከብዙዎቻችን ቤት ጓሮ ሞፈርና ቀንበር፣ እርፍና ድግር፣ ወገልና ምራን ይገኛል። አባቶቻችን እንጨቱን ራሳቸው መርጠው፣ ጠርበው፣ አገጣጥመው ይሠሩታል፤ ብረቱን ቀጥቃጭ ይሠራላቸዋል። ይህ መሣሪያ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ በትከሻው ተሸክሞት ከእርሻ ወደ ቤት ይመለሳል። ድግሩ ቢሰበር በማግሥቱ በሌላ ይተካል። በበሬው አቅምና በድንጋያማው መሬት ልክ የተቆረጠ ነው። ይህን ሁሉ ሳያጤኑ የተሠሩ ከባድ የብረት ማረሻዎች በየጊዜው ለገበሬው ቀርበዋል፤ በብዙ ቦታ ግን አልተለመዱም። ምክንያቱም መሬቱን የሚገለብጡ ቢሆኑም ለበሬው ከበዱ፤ ሲሰበሩም በሰፈር የሚጠግናቸው አልተገኘም።

በአንጻሩ የተሻለ መንገድ የተከተሉም አሉ። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ውሃ የሚቋጥረውን የመረሬ አፈር ለማጠንፈፍ ተመራማሪዎች አዲስ መሣሪያ ከውጭ ማምጣቱን ትተው፣ የአገሩን ሁለት ማረሻ አጣምረው መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። የመጀመሪያው ከእንጨት ተሠርቶ ከባድ ስለ ሆነ፣ በእርሻ ላይ ከተሞከረ በኋላ በቀላል የብረት ክንፍ ተለወጠ። ንድፉን ያረመው እርሻው ራሱ ነበር።

እንዲሁም የእናቶቻችንን ምድጃ ተመልከቱ። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጋገር እንጀራ ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ ጭሱም ዓይን ያጠፋል። ይህን ለማሻሻል በአገራችን ከሲሚንቶ የተሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ከቦ ስለሚይዘው ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚነድፍ ሰው ምጣዱ ሲሰማ፣ ሊጡ ሲፈስ፣ ዓይን ሲያወጣ ማየት አለበት፤ ይልቁንም አንድ ቀን ራሱ ቢጋግር ብዙ ይማራል። በዚህ ነገር ላይ ሴቶች እኅቶቻችን ከወንዶቹ ቀድመው መሐንዲሶች ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በውጭው ዓለምም ነገሩ ያው ነው። ጀምስ ዋት በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ሠሪና ጠጋኝ ነበር። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1763 አንድ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር አምሳያ እንዲጠግን ተሰጠው። ሲጠግነው እንፋሎቱ አብዛኛው ሲሊንደሩን ደጋግሞ በማሞቅ በከንቱ እንደሚያልቅ አየ፤ ከዚህም ተነሥቶ በ1765 እንፋሎቱ በሌላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ የሚያደርገውን ታላቅ ሐሳብ አገኘ። ወንድማማቾቹ ራይትም ቢስክሌት ሠሪና ጠጋኝ ነበሩ። የተጻፈው የክንፍ ሠንጠረዥ ከሥራቸው ጋር አልስማማ ባላቸው ጊዜ፣ በ1901 ከእንጨት ሣጥንና ከነፋስ ማራገቢያ መሞከሪያ ሠርተው ብዙ የክንፍ ቅርጽ መረመሩ፤ በ1903ም በረሩ። በስሟ እንኳ ነፋስ በሚነሣባት በንፋስ መውጫ የምንኖር ተማሪዎች ይህን ስንሰማ ልባችን ሊነሣሣ ይገባል፤ ነፋሱ ያለ ዋጋ ተሰጥቶናልና።

አሁን የሚቀርቡልንን ሁለት ተቃውሞዎች እንመልስ። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር ይሠራል፤ መጋዝ ለምን?» የሚል ነው። ኮምፒዩተር ታላቅ መሣሪያ ነው፤ እኛም ለመማር እንጓጓለን። ነገር ግን ኮምፒዩተር የሚያሰላው የነገሩትን ነው። እንጨቱ እርጥብ መሆኑን ካልነገሩት እንደ ደረቅ ይቆጥረዋል፤ ዳገቱን ካልነገሩት ሜዳ ይመስለዋል። ምን መንገር እንደሚገባ የሚያውቀው ደግሞ ነገሩን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወላጆች የሚመጣ ነው፤ በአክብሮት እንመልሳለን። «ልጄን የላክሁት ተምሮ ትልቅ ሰው እንዲሆን እንጂ አናጢና ቀጥቃጭ እንዲሆን አይደለም» የሚል አለ። ይህ አስተሳሰብ በአገራችን የቆየ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራውን በክፉ ስም መጥራት ልማድ ሆኖ ኖሯል፤ በማረሻው እያረሱ ማረሻ ሠሪውን መናቅ ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለዋል። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት፣ በ1955 ዓ.ም. በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፍተዋል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአንደበታችን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ሥራውን ሠርቶ ማየት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሞረድ ይዞ አንዲት ብረት ቀጥ ለማድረግ የደከመ ልጅ፣ ቀጥቃጩን ዳግመኛ አይንቅም።

ወላጆቻችን ሆይ፣ የእጅ ሥራ የፈተናን ጊዜ ይሻማል ብላችሁ አትስጉ። በርጩማው ጂኦሜትሪን፣ ሳንቃው ሒሳብን፣ ምድጃው ፊዚክስን እንዳስታወሰን ተናግረናል። ልጁም መሐንዲስ ባይሆን እንኳ፣ የቤቱን በር ማስተካከልና የተሰበረውን መጠገን ማወቁ ለማንም ጉዳት የለውም።

እንግዲህ በዚህ በዓል ቀን ሦስት ነገር እንለምናለን። መምህራኖቻችንን የምንለምነው፣ ከሳምንቱ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ለእጅ ሥራ እንዲወሰንልን ነው። ብዙ መኪና አያስፈልገንም፤ ጥቂት መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ሞረድና አንድ ሞርሳ ለመጀመሪያ ይበቃል። ወላጆቻችንን የምንለምነው፣ ከመካከላችሁ አናጢ፣ ቀጥቃጭ፣ ግንበኛ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ የሆናችሁ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥታችሁ እንድታስተምሩን ነው፤ ወንበር አንሥተን እንደ መምህር እንቀበላችኋለን። ጓደኞቻችንን የምንለምነው ደግሞ፣ እያንዳንዱ የሚሠራውን ነገር አስቀድሞ እንዲስል፣ ሠርቶም ከሥዕሉ የተለወጠውን በደብተር እንዲጽፍ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ያንን ደብተር ከተቀበሉን፣ የጋፋት ምድጃ የቀዘቀዘበት ምክንያት በእኛ ዘንድ አይደገምም።

የወረታና የወልድያ አውራ ጎዳና በከተማችን ያልፋል። ሴባስቶፖል በብዙ ሰው ጉልበት በተጎተተበት አገር ዛሬ መኪና በሰዓታት ያልፋል። ያንን ጎዳና የቻይና መሐንዲሶች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ሠርተውታል። የሚቀጥለውን ድልድይና የሚቀጥለውን ማረሻ የሚነድፈው ከዚህ አዳራሽ ይውጣ ብለን እንመኛለን። ያም ሰው በቅድሚያ እጁን እንዲያስተምር አደራ እንላለን።